ለመጅሊስ፣ ለምንጣፍና ለመጋረጃ ክፍላችሁን እንዴት ትለካላችሁ?

"ለክፍሌ ስንት ሜትር ይበቃኛል?" ድሬዳዋ ላይ መጅሊስ (ግድግዳ ተከትሎ የሚዘረጋ የፍራሽ መቀመጫ) እና መጋረጃ የሚሠራ ሰው ከዚህ በላይ የሚደጋገምበት ጥያቄ የለም። አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ነው የሚመጣው። አብሮት የሚላከው ልክ ደግሞ "አራት በሦስት ተኩል ገደማ" የሚል ነው። በ"ገደማ" ፍራሽ አይቆረጥም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ከመመለስ አንዴ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። እስክንጨርስ ድረስ በምሳሌነት የምንጠቀመው 4.20 ሜትር በ3.60 ሜትር የሆነ ሳሎን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ 5 ሜትር የብረት ሜትር። የልብስ ሰፊ ሜትር ለግድግዳ አይሆንም። ሲጎተት ይለጠጣል፤ ብዙውን ጊዜም 1.50 ሜትር ብቻ ስለሆነ አንዱን ግድግዳ ሦስቴ እያነሳችሁ ትለካላችሁ። ባነሳችሁት ቁጥር ስህተት ይጨመራል።
- የማይለጠጥ ሲባጎ፦ ክብ ነገር ለመለካት።
- ወረቀት፣ እርሳስ፣ ጠመኔ።
- የስልክ ካልኩሌተር።
- የሜትሩን ሌላ ጫፍ የሚይዝ ሰው። ልጅም ቢሆን ይበቃል።

አንዳንዱ "የድሬ ሙቀት የብረቱን ሜትር አያስረዝመውም ወይ?" ይላል። ያስረዝመዋል። የብረት ሜትር የሚስተካከለው በ20 ዲግሪ ሙቀት ነው። በ38 ዲግሪ ቀን 5 ሜትሩ የሚረዝመው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ለፍራሽም ለምንጣፍም አትጨነቁበት።

ጥንቃቄ፦ የብረት ሜትር ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሶኬትና የተላጠ ሽቦ ባለበት ግድግዳ ላይ አታስጠጉት። ስትመልሱት ደግሞ በጣታችሁ እያዘገማችሁ ይግባ፤ በፍጥነት ሲመለስ ጠርዙ እጅ ይቆርጣል። በስልክ ካሜራ የሚለካው አፕሊኬሽን ለግምት እንጂ ለትእዛዝ አይሆንም።

1. ክፍሉን ከላይ እንደሚታይ ሳሉት

ስዕሉ ማማር የለበትም። ግድግዳዎቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ በሏቸው። በሩ የት እንዳለና ወደ የት እንደሚከፈት፣ መስኮቱን፣ ዓምድ ካለ ዓምዱን አስገቡ። ስም የሌለው ቁጥር ከሰዓታት በኋላ የየትኛው ግድግዳ እንደሆነ ይጠፋባችኋል። የበሩ አከፋፈት ደግሞ ቀጥሎ እንደምታዩት የመጅሊሱን ርዝመት ይቀይራል።

2. ሁሉንም በሳንቲም ጻፉ

ይህ ደረጃ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ገንዘብ የሚበላው ግን እሱ ነው። ስንናገር "ሦስት ሜትር ከአምስት" እንላለን። 3.05 ማለት ነው። ሰሚው 3.5 ብሎ ይጽፈዋል። ልዩነቱ 45 ሳንቲም ነው፤ ይህን ያህል የተሳሳተ ፍራሽ መልሶ ማስተካከል አይቻልም። ነጥብ የሌለበት ሙሉ ቁጥር ከጻፋችሁ ግን 305 ሁሌም 305 ነው። በአንድ ወረቀት ላይ ሜትርና ሳንቲም አትቀላቅሉ። ወደ ሜትር የምትቀይሩት ስሌቱ ሲያልቅ ነው።

3. ሜትሩን በትክክል አንብቡ

ብዙዎቹ ሜትሮች በአንደኛው ጠርዝ ሳንቲም፣ በሌላው ኢንች አላቸው። ቁጥሮቹ ተራርቀው የተጻፉበት ኢንች ነው። 3 ሜትር የሆነ ግድግዳ በኢንቹ በኩል 118 ይላል። እንዲህ ያለ "118 ሳንቲም" የሆነ ሳሎን አልፎ አልፎ ይደርሰኛል።

ጫፉ ላይ ያለው መንጠቆ ትንሽ ሲንቀሳቀስ "ተበላሽቷል" ብላችሁ በመዶሻ እንዳታጠብቁት። እንዲንቀሳቀስ ሆኖ ነው የተሠራው። የሚንቀሳቀሰው በራሱ ውፍረት ልክ ነው፦ ከጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ሲያዝ ወደ ውጭ ይሳባል፣ ግድግዳ ላይ ሲገፋ ወደ ውስጥ ይገባል። በሁለቱም መንገድ ትክክለኛውን ልክ የምታገኙት በዚህ ነው።

መስኮት ወይም የቁም ሳጥን ውስጥ ስትለኩ ሜትሩን ጥጉ ላይ አጥፋችሁ ለማንበብ አትሞክሩ። የሜትሩን ቤት ጥጉ ላይ አስደግፉት፤ ቤቱ ላይ የራሱ ርዝመት ብዙውን ጊዜ ተጽፏል። ያነበባችሁት ላይ እሱን ደምሩ።

4. እያንዳንዱን ግድግዳ ሦስት ቦታ ለኩ

ወለሉ ላይ፣ ፍራሹ በሚደርስበት ከፍታና ትከሻ ላይ። ልስን እኩል አይደለም፤ ታች ደግሞ ዞኮሎ (የግድግዳው ግርጌ ላይ የሚለጠፈው ጠርዝ) አለ። ዞኮሎው በሁለቱም በኩል 1 ሳንቲም ቢወጣ ወለሉ ላይ ክፍሉ በ2 ሳንቲም ይጠባል። ለመጅሊስ የምትይዙት ትንሹን ልክ ነው። ትልቁን ከያዛችሁ ፍራሹ አይገባም፤ በግድ ቢገባም መሀሉ ይነሳል።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ባሉት የቆዩ ቤቶች ይህ ደረጃ በእጥፍ ያስፈልጋል። ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ ወፍራም ነው፣ በየጊዜው ስለሚቀባ ጥጉም ይደፈናል። ነደባዎቹ (ከወለሉ ከፍ ብለው የተሠሩት መቀመጫዎች) ደግሞ ከፍታቸውም ወርዳቸውም ይለያያል፤ ስለዚህ "አንዱን ለክቼ በሌላው እገምታለሁ" አይሠራም። እያንዳንዱ ነደባ በግራ ጫፍ፣ በመሀልና በቀኝ ጫፍ ይለካል። የፊት ጠርዙ ቀጥ ያለ ካልሆነ ጋዜጣ ዘርግታችሁ ቅርጹን ቁረጡና ወረቀቱን ለሠሪው ስጡት። ከቁጥሩ ይልቅ ወረቀቱ ይሻላል።

ማስጠንቀቂያ፦ "ፍራሹ እንዲገባ" ብላችሁ ከለካችሁት ላይ አትቀንሱ። ቅናሹን ሠሪው ያደርገዋል። እናንተም እሱም ከቀነሳችሁ ክፍተት ይቀራል።

5. በሰያፍ ለኩ

ተቃራኒ ግድግዳዎች እኩል ስለሆኑ ብቻ ክፍሉ ቀጥ ያለ ነው ማለት አይደለም። ከአንዱ ጥግ እስከ ፊት ለፊቱ ጥግ በሰያፍ ለኩ፤ ከዚያ ሌላውን ሰያፍ። በእኛ ምሳሌ 420 በ420፣ 360 በ360 ሲባዛ፣ ሲደመርና ሥሩ ሲወጣ 553 ሳንቲም ይሆናል። ሁለቱም ሰያፍ 553 ከሆኑ ክፍሉ ቀጥ ያለ ነው። አንዱ 557 ሌላው 549 ከሆነስ? ግድግዳዎቹ አሁንም 420 እና 360 ናቸው፤ ግን ክፍሉ ወደ አንድ ጎን ተገፍቷል። የ8 ሳንቲሟ ልዩነት ማለት የ3.60ው ግድግዳ ከዚህኛው ጫፍ እስከዚያኛው ወደ 5 ሳንቲም ያህል ሸሽቷል ማለት ነው። ለምንጣፍ ብዙም አያስጨንቅም፤ ለሴራሚክ ግን መጨረሻ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ቁራጭ ይወጣችኋል።

ጥፋቱ የትኛው ጥግ ላይ እንደሆነ ለማወቅ፦ ከጥጉ ተነስታችሁ በአንዱ ግድግዳ 60 ሳንቲም፣ በሌላው 80 ሳንቲም ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። በምልክቶቹ መካከል ያለው ርቀት ልክ 100 ከሆነ ጥጉ 90 ዲግሪ ነው። ከ100 ካነሰ ጥጉ ተዘግቷል፣ ከበለጠ ተከፍቷል። ስኳድራ (የ90 ዲግሪ ማረጋገጫ መሣሪያ) ባይኖራችሁም ይህ ያው ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ስኳድራ የማያሳየውን ያሳያል።

6. ዙሪያውንና ካሬውን አስሉ

ዙሪያ ማለት የአራቱ ግድግዳዎች ድምር ነው፦ 420 + 360 + 420 + 360 = 1560 ሳንቲም፣ ማለትም 15.60 ሜትር። ዞኮሎ የሚገዛው በዚህ ነው፤ የበሩን ወርድ ብቻ ቀንሱ።

ካሬ ማለት ርዝመት ሲባዛ በወርድ ነው፦ 4.20 × 3.60 = 15.12 ካሬ ሜትር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሳንቲም አባዝቶ ሲመልሰው ነው። 420 × 360 = 151,200 ይሆናል፤ ይህን ለ100 ማካፈል 1,512 ይሰጣል፣ ያ ደግሞ ሳሎን ሳይሆን ሰፈር ነው። በሁለቱም ጎን 100 ሳንቲም ስላለ 1 ካሬ ሜትር 10,000 ካሬ ሳንቲሜትር ነው። ስለዚህ ለ10,000 አካፍሉ።

ክፍሉ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ካልሆነ በጠመኔ ወለሉ ላይ ወደ አራት ማዕዘኖች ክፈሉት። በር አጠገብ 120 በ90 የሆነ ገባ ያለ ቦታ ቢኖር 1.20 × 0.90 = 1.08 ካሬ ነው፤ ከ15.12 ጋር ሲደመር 16.20። ጎነ ሦስት የሆነ ጥግ ካለ መሠረቱን በቁመቱ አባዙና ለ2 አካፍሉ።

ሴራሚክ የምታስነጥፉ ከሆነ፦ 60 በ60 የሆነ አንዱ ሴራሚክ 0.36 ካሬ ነው። 15.12 ÷ 0.36 = 42። ለሚሰበርና ለሚቆረጥ 10 በመቶ ጨምሩ፤ 47 ይሆናል። ካርቶኑ 4 ከያዘ 12 ካርቶን ግዙ። ትርፉን አትመልሱት፤ በኋላ አንዱ ቢሰነጠቅ ተመሳሳይ ቀለም ማግኘት ይቸግራል።

7. የመጅሊሱን ሜትር አውጡ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። መጅሊሱ ሦስት ግድግዳ የሚይዝ ይሁን፦ የውስጠኛው 360 እና ሁለቱ ጎኖች 420፣ 420። ብዙ ሰው ይደምርና 12 ሜትር ያዛል። ስህተት ነው። የፍራሹ ወርድ 70 ሳንቲም ከሆነ ጥጉ ላይ ያለችውን 70 በ70 ቦታ ሁለት ፍራሽ ሊተኛባት አይችልም። አንዱ ይወስዳታል፣ ሌላው ከእሷ በኋላ ይጀምራል።

- የውስጠኛው ፍራሽ ሙሉ 360 ይሁን።
- የጎኖቹ እያንዳንዳቸው 420 − 70 = 350።
- ድምር፦ 360 + 350 + 350 = 1060 ሳንቲም፣ ማለትም 10.60 ሜትር።

ዋጋው በሜትር ስለሆነ 1.40 ሜትር በከንቱ አልከፈላችሁም ማለት ነው።

መደገፊያው ግን የተለየ ነው። እሱ ግድግዳውን ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ ጥጉ ላይ የሚነጠቀው በራሱ ውፍረት ብቻ ነው። ውፍረቱ 15 ከሆነ 360 + 405 + 405 = 1170 ሳንቲም። ስለዚህ ፍራሹ 10.60፣ መደገፊያው 11.70 ነው። "እኩል መሆን ነበረባቸው" ብላችሁ አታስተካክሉት።

ቀጥሎ በሩን እዩ። ወደ ውስጥ የሚከፈት 90 ሳንቲም በር መጅሊስ በሌለበት ግድግዳ ላይ፣ ከጥጉ 40 ሳንቲም ላይ ቢሆን በዚያ በኩል ያለው ፍራሽ በሩን ይነካል። ያኛው ጎን በበሩ ልክና በትንሽ ትርፍ፣ 95 ሳንቲም ያህል፣ ማጠር አለበት፦ 350 − 95 = 255። በሩን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ጠርዙ ወለሉ ላይ የሚያልፍበትን በጠመኔ አስምሩ፤ ፍራሽ ያንን መስመር አይሻገርም።

መሀል የሚቀረው ቦታ 360 − 140 = 220 በ350 ነው። 2 ሜትር በ3 ሜትር ምንጣፍ ይገባል። 2.50 በ3.50 ግን ጠርዙ ፍራሽ ሥር ይገባል።

8. መጋረጃ

መስኮቱን ሳይሆን ዘንጉን ለኩ። 150 ሳንቲም መስኮት ላይ ዘንጉ በየጎኑ 20 ሲያልፍ 190 ይሆናል። እጥፋት እንዲኖረው በ2 ስናባዛ 380። ለጎን ስፌት 20 ጨምሩ፤ 4 ሜትር ጨርቅ። ለቁመቱ ከዘንጉ እስከ ወለል ለኩ፣ እንዳይጎተት 2 ሳንቲም ቀንሱ፣ ከዚያ ለላይና ለታች ስፌት 20 ጨምሩ።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አካባቢ ጣሪያቸው ከፍ ያለ የድሮ ቤቶች ያላችሁ ልብ በሉ። ብዙ የመጋረጃ ጨርቅ ወርዱ 280 ሳንቲም ነው፤ እሱ ነው ቁመት የሚሆነው። ከስፌት ጋር 280 ካለፈባችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ሰፊውን ጠይቁ። ወንበር ላይ ወንበር ደርባችሁ አትለኩ፤ ሜትሩን ከታች ወደ ላይ ግፉት፣ የብረት ሜትር ቀጥ ብሎ ይወጣል።

9. ኢንች፣ ጫማና ያርድ መቀየር

- 1 ኢንች = 2.54 ሳንቲም
- 1 ጫማ = 12 ኢንች = 30.48 ሳንቲም
- 1 ያርድ = 3 ጫማ = 91.44 ሳንቲም
- 1 ሜትር = 100 ሳንቲም = 1,000 ሚሊ = 39.37 ኢንች

ከትልቅ መለኪያ ወደ ትንሽ ስትሄዱ አባዙ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ ስትሄዱ አካፍሉ። መልሱ ልክ መሆኑን በዓይን አረጋግጡ፦ ወደ ትንሽ መለኪያ ከቀየራችሁ ቁጥሩ መብለጥ አለበት።

ታይዋንም ሆነ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ ስትገዙ ሻጩ በምን እንደሚለካ መጀመሪያ ጠይቁ። በያርድ ከሆነ 4 ሜትር ማለት 4 ÷ 0.9144 = 4.37 ያርድ ስለሆነ 4 ተኩል ግዙ። 4 ያርድ ይዛችሁ ከመጣችሁ እጃችሁ ላይ ያለው 3.66 ሜትር ነው፤ 34 ሳንቲም ጎደለ።

ቲቪ ላይ የተጻፈው ኢንች የሰያፉ ነው። 43 ኢንች ማለት በሰያፍ 109 ሳንቲም ነው፤ የስክሪኑ ወርድ ግን 95፣ ቁመቱ 54 ያህል ነው። ለቡፌ የሚያስፈልጋችሁ 95ቱ እና የጠርዙ ትርፍ ነው።

ኤምዲኤፍ የሚባለው የቤት ዕቃ መሥሪያ ጣውላ 122 በ244 የሆነበት ምክንያት 4 በ8 ጫማ ስለሆነ ነው። የውሃ ቧንቧ ላይ ግን ስሌት አትሞክሩ። "ግማሽ ኢንች" የሚባለው የብረት ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 21.3 ሚሊ እንጂ 12.7 አይደለም፤ ስሙ የመጠሪያ ቁጥር ነው። አሮጌውን መገጣጠሚያ ይዛችሁ ሂዱ።

ሜትር በእጃችሁ ከሌለ አንድ ኤ4 ወረቀት 29.7 ሳንቲም ይረዝማል። ዓይናችሁን 1 ሜትር ማስለመድ ከፈለጋችሁ ደግሞ የድሮው ባቡር ሐዲድ ለሀገራችን የታወቀ መለኪያ ነው፤ በሁለቱ ብረቶች የውስጥ ጠርዝ መካከል 1 ሜትር ነው። የአዲሱ 1.435 ስለሆነ አታምታቱት።

10. ክብ ነገር፦ ሮቶ

ይህ ከመጅሊስ ጋር አይገናኝም፤ ግን ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያለ ሁሉ ይጠይቀኛል። ሮቶውን በሲባጎ አንድ ዙር ዙሩና ሲባጎውን ለኩ። 345 ሳንቲም ቢሆን ለ3.14 ስታካፍሉት 110 ያህል ይመጣል፤ ያ ዳያሜትሩ ነው። ግማሹ 55 ሬዲየስ ነው። በሜትር አድርጉና 3.14 × 0.55 × 0.55 = 0.95 ካሬ። ይህን በውሃው ከፍታ አባዙ። ውሃው 40 ሳንቲም ከፍታ ላይ ቢሆን 0.95 × 0.40 = 0.38 ሜትር ኩብ፣ 1 ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ስለሆነ 380 ሊትር። በ20 ሊትር ጄሪካን 19 ነው። ሮቶው ከላይ ስለሚጠብ ሞልቶ ሲሆን ስሌቱ ትንሽ ያጋንናል።

ደጋግሞ የሚገጥመኝ ስህተት

- ዳያሜትሩን ሬዲየስ ብሎ ማስገባት። መልሱ በ4 እጥፍ ይበዛል።
- የቤት ፕላን ላይ ያለውን ቁጥር መላክ። ፕላኑ ልስንና ዞኮሎ አያውቅም።
- መሀል ላይ ቁጥሩን ማጠጋጋት። 347ን 350 ብላችሁ በኋላ በሦስት ብታባዙት 9 ሳንቲም ሄደ። የምታጠጋጉት መጨረሻ ላይ ነው፤ ጨርቅና ሴራሚክ ወደ ላይ፣ ፍራሽ ወደ ታች።
- ሜትሩ መሀል ላይ ዘንበል ማለቱን አለማየት። የረገበ ሜትር ሁልጊዜ ያበዛል።

11. ልኩን ላኩ፣ መንገዱንም ለኩ

ለሠሪው የምትልኩት እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ "ሁሉም በሳንቲም። ሀ 360፣ ለ 420፣ ሐ 360፣ መ 420። ሰያፍ 553 እና 553። በር ሐ ላይ፣ ከመ ጥግ በ40፣ ወርዱ 90፣ ወደ ውስጥ ይከፈታል። ፍራሽ ወርዱ 70።" የስዕሉን ፎቶ አያይዙ።

ከዚያ ፍራሹ የሚያልፍበትን ለኩ፦ የግቢ በር፣ ደረጃ ካለ የደረጃውን መታጠፊያ፣ ጀጎል ውስጥ ከሆነ ደግሞ መንገዱ የሚጠብበትን ቦታ። 350 ሳንቲም አንድ ወጥ ፍራሽ ጠባብ መታጠፊያ ላይ አይዞርም፤ ባጃጅ ላይም አይጫንም። መንገዱ ጠባብ ከሆነ እያንዳንዱን ጎን ሁለት ባለ 175 አድርጎ እንዲከፍለው ከመቁረጡ በፊት ንገሩት።